የተለያዩ የዲጂታል ድምፅ መረቦች እንዴት ይናበባሉ?

በዘመናዊ የስብሰባ አዳራሽ የተናጋሪው ድምፅ ወደ አስተርጓሚዎች ክፍል፣ ወደ ድምፅ ማጉያዎችና ወደ ቴሌቪዥን ስርጭት የሚደርሰው ባብዛኛው በኮምፒውተር መረብ ነው። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ማይክሮፎን የተለየ ገመድ ይዘረጋ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ቀጭን ገመድ በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆች ያልፋሉ። ችግሩ የሚጀምረው አዳራሹ በአንድ ሥርዓት፣ የስርጭት ጣቢያው ደግሞ በሌላ ሥርዓት ሲሠሩ ነው።

በስፋት ከሚታወቁት ሥርዓቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2006 የአውስትራሊያው ኦዲኔት ኩባንያ ያቀረበው ዳንቴ እና በ2010 በጀርመን የተጀመረው ራቬና ይገኙባቸዋል። ዳንቴ በአዳራሾችና በመድረኮች፣ ራቬና በራዲዮና በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይበልጥ ይዘወተራል።

ሁለቱን በገመድ ማያያዝ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ሰዓታቸውን አንድ ማድረግ ነው። በስርጭት ሥራ የተለመደው ዲጂታል ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ጊዜ 21 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚቆጥረው በየመሣሪያው ውስጥ ያለ የኳርትዝ ሰዓት ሲሆን፣ ሁለት የኳርትዝ ሰዓቶች ፈጽመው እኩል አይሄዱም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን አሥር እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ልኬት ያህል ይለያያሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 36 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ተቀባዩ መሣሪያ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ በማጠራቀሚያው ይዞ ልዩነቱን ይሸፍናል። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ወይም ባዶ ሲሆን ግን ድምፁ ይቆረጣል፣ አለዚያም «ጠቅ» ይላል። ብልሽቱ ባለሙያውን የሚፈትነው በአጭር ሙከራ ሳይታይ ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ስለሚገለጥ ነው። ለአስተርጓሚው ደግሞ የተቆረጠች አንዲት ቃል የአንድን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ልታጠፋ ትችላለች።

በአንድ መረብ ውስጥ መሪ ሰዓት ተመርጦ ሌሎቹ የሚከተሉት ፒቲፒ በተባለ የሰዓት ማመሳሰያ ደንብ ነው። ዳንቴ በመሠረቱ የደንቡን የ2002 እትም፣ ራቬና የ2008ን እትም ይጠቀማሉ፤ እትሞቹም በቀጥታ አይግባቡም። የድምፅ ምህንድስና ማኅበር በ2013 ያወጣው ኤኢኤስ 67 የተባለው ደረጃ የተዘጋጀው የተለያዩ ሥርዓቶችን ለማግባባት ነው። በ2008ቱ እትም የሚመራ ሲሆን፣ ድምፁ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 48 ልኬት በያዙ ጥቅሎች እንዲላክ ይጠይቃል። ይህን ደረጃ የሚደግፍ አንድ የዳንቴ መሣሪያ ከውጭ ያለውን ሰዓት ተቀብሎ ለቀሩት የዳንቴ መሣሪያዎች መሪ ሊሆንላቸው ይችላል። ይሁን እንጂ ደረጃው አንዱ መረብ የሌላውን ድምፆች ፈልጎ የሚያገኝበትን መንገድ አልደነገገም፤ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ አድራሻዎቹን በእጅ ማስገባት ግድ ይላል።

መረቦቹ በተለያዩ ከተሞች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከጂፒኤስ ሳተላይት ጊዜ የሚቀበል መሪ ሰዓት ይተከልላቸዋል። የሁለት ባለቤቶች ንብረት ከሆኑ ግን የልኬት ፍጥነት መለወጫ በመካከል ማኖር ይመረጣል። ጥቂት መዘግየት ቢጨምርም፣ የአንዱ ሰዓት ሲበላሽ ሌላውን አይጎትትም።

በመረቡ ስዊቾች ላይ ያለው ኃይል ቆጣቢ አሠራር የሰዓት መልእክቶችን ስለሚያዘገይ መዘጋት አለበት፤ መልእክቶቹም ከሌላው ትራፊክ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። መረቦቹ ከተያያዙ በኋላ ከዝግጅቱ አስቀድሞ ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይቋረጡ እንዲሠሩ ተደርጎ፣ በያንዳንዱ የሰዓት ክልል ውስጥ መሪው አንድ ብቻ መሆኑ ይረጋገጣል።