ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚቀርብ ማዕድ፦ የምዕራብ ጎጃም ሴት መነኮሳት የጾም ምግብ ታሪክ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉት የገጠር ደብሮች ቆብ ጭነው የሚኖሩት ሴት መነኮሳት፣ ሕዝቡ «እማሆይ» እያለ የሚጠራቸው እናቶች፣ ማዕዳቸው በሁለት ሕግ ሲመራ ኖሯል፤ አንደኛው ምን እንደሚበላ የሚወስነው ሲሆን ሁለተኛው መቼ እንደሚበላ የሚወስነው ነው። ስለ ጾም ምግብ የሚነገረው አብዛኛው ነገር በመጀመሪያው ሕግ ላይ፣ ማለትም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በመከልከላቸው ላይ ያተኩራል። የማዕዱን ጠባይ ይበልጥ የቀረጸው ግን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከዚያም አልፎ እስከ ማታ፣ ባዶ ሆዱን ለቆየ ሰው የሚቀርብ ምግብ ሆድ የማይጎዳ፣ ቶሎ የሚያበረታና አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊቆይ የሚችል መሆን ነበረበት።

የሰዓቱ ሕግ ምንጩ ጥንታዊ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያሰባሰበውና ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በዐሥራ አምስተኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ፣ ጾም ከምግብ ዓይነት መከልከል ብቻ ሳይሆን እስከ ተወሰነ ሰዓት ከእህል ውኃ መቆጠብ ጭምር መሆኑን ያስቀምጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው ጾመ ነቢያት፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሚገባው ጾመ ሐዋርያት፣ በነሐሴ የሚውለው ጾመ ፍልሰታ፣ ሦስት ቀን ብቻ የሆነው ጾመ ነነዌ፣ እንዲሁም የልደትና የጥምቀት ዋዜማ የሆነው ገሃድ አንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ ሁሉንም የሚጾም መነኩሴ ከዓመቱ ቀናት ሁለት መቶ ሃምሳ ያህሉን በጾም ያሳልፋል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ባይጾሙም፣ በብዙ ገዳማት መነኮሳቱ በዚያም ወራት ሥጋ አይቀምሱም። ስለዚህ በምእመናን ቤት ከፍስክ ምግብ ጋር እየተፈራረቀ የሚመጣው የጾም ምግብ በእማሆዮች ዘንድ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ መደበኛ ምግብ ነው።

ከዚህ ማዕድ ጋር የሚነጻጸር ሥርዓት በሩቅ ምሥራቅ ይገኛል። የቡድሃ እምነት መነኮሳይያት ጥንታዊ ሕግ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ጠጣር ምግብ መብላትን የሚከለክል ሲሆን፣ በቻይና ከሥጋ ፈጽሞ መራቅ የመነኮሳት ግዴታ እየሆነ የመጣው በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሊያንግ ንጉሥ የነበረው ዉ ባወጣው ትእዛዝ ምክንያት ነው። በቻይናም ሆነ በኮሪያ ገዳማት ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና መሰሎቻቸው የሆኑ አምስት ሽታቸው የሚከብድ ተክሎች ስሜትን ያነሣሣሉ ተብለው ከወጥ ቤቱ ተከልክለዋል። የጎጃም እናቶች በተቃራኒው ቀትር ካላለፈ ማዕድ አይቀርቡም፤ ነጭ ሽንኩርቱም ከስልጆው፣ ከአዚፋውና ከሽሮው አይለይም። የሁለቱ ሥርዓቶች መሠረትም የተለያየ ነው፤ በቡድሃ ትምህርት ሥጋ የሚተወው ነፍስ ያለውን ላለመግደል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ትምህርት ግን የሚተወው ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት ነው። በተጨማሪም በኦሪት ዘፍጥረት ለአዳም በመጀመሪያ የተሰጠው ምግብ ዘር ያለው ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ስለሆነ፣ ሥጋም የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ስለሆነ፣ የመነነ ሰው ወደ ቀደመው የአዳም ማዕድ ተመልሷል ይባላል። ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የገፋው ዋልድባ ነው፤ በዚያ ገዳም እህል ሳይቀር ተትቶ ቋርፍ የሚባል ከሙዝ ተክል የሚዘጋጅ ምግብ ይበላል። ጎጃም ወደዚያ አልሄደም፤ የእህልና የቅባት እህል አገር ስለሆነ በእነርሱ መንገዱን አበጀ።

የጾሙ ሥርዓት በዚህ አካባቢ ያለ ሙግት የኖረ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ፣ ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጎጃምን ይገዙ ነበር፤ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳትም በዚሁ ምድር ሰፍረው ያስተምሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ዛሬ በሰከላ ወረዳ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷል። ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ የበዓላቱን አቆጣጠርና የጾሙን ሥርዓት በሮም ልማድ ለመተካት ሲሞክር፣ ለገበሬውና ለመነኩሴው ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ረቡዕን በቅቤ እንዲበላ የተነገረው ሰው አዲሱን ሃይማኖት በገዛ ገበታው ላይ አየው። ከመኳንንት ወገን የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ መንና የተቃወመችው በዚያ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1642 እስካረፈችበት ጊዜም በጣና ዙሪያ፣ ዘጌን ጨምሮ፣ ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩባቸውን ማኅበራት መሥርታለች። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልሱ ጾሙም አብሮ ተመለሰ። ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 የጻፈው የወለተ ጴጥሮስ ገድል ሴት መነኮሳት እንዴት በማኅበር ይኖሩ እንደነበር ከሚያሳዩ ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ነው፤ የጎጃም ሊቃውንት የቅኔ መምህራንን የትውልድ ሐረግ ከዋሸራ እስከ ጎንጅ በቃላቸው ሲቆጥሩ፣ ተማሪውን ያበላችው እናት ግን በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለችም። ይህ በታሪክ አጻጻፋችን ላይ ያለ ትልቅ ጉድለት ነው።

ገበታው ራሱ የብዙ ዘመናት ድርብርብ ነው። ከሁሉ ጥንታዊ የሆኑት ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ናቸው፤ ከእነዚህም ኑግ መነሻው እዚሁ ኢትዮጵያ ሲሆን የጎጃም ማሳ በመስከረምና በጥቅምት የሚለብሰው ቢጫ ቀለም በአብዛኛው የእርሱ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐቢይ ጾም ሕዝቡ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚበላና ምግቡም አብዛኛውን ጊዜ እንጀራና ውኃ መሆኑን ጽፏል። በእርሱ ዘመን ዛሬ የጾም ወጥ መለያ የሆነው ቀይ መልክ ገና አልተስፋፋም ነበር፤ በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ስለሆነ ወደ ኢትዮጵያ ሊገባ የቻለው ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ወጡን የሚያቃጥሉት ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብልና ሰናፍጭ ነበሩ። ዛሬ ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ ምርታቸው የታወቁ ሆነው ሳለ የሰናፍጭ ምግቦች ለዐቢይ ጾም ተለይተው መቅረታቸው፣ ጾሙ የቀደመውን ጣዕም እንደ ያዘ የሚያመለክት ይመስላል። በወንበርማና በቡሬ ቆላ የሚበዛው በቆሎም እንዲሁ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ በሰከላ ደጋ የክረምቱን ረኃብ የሚያስታግሰው ድንች ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት የገባ ነው።

የእናቶቹ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በሱፍ ላይ ነው። ሱፍ በውኃ ከፈላ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያም በጨርቅ ወይም በወንፊት ይጠለላል፤ የሚወጣው ፈሳሽ ነጭና ወፍራም ሆኖ መልኩ ከወተት የማይለይ ሲሆን፣ እንጀራ ተቆራርሶ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት የሱፍ ፍትፍት ይሆናል። ይህ ቀዝቃዛ፣ ቅባት ያለውና ለባዶ ሆድ የሚለሰልስ ምግብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሚመጣ ሰው ከትኩስና ከሚያቃጥል ወጥ ይልቅ የሚስማማ ነው፤ ሱፉ አስቀድሞ ስለሚፈላ በሚቀርብበት ሰዓት እሳት ማንደድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ቅዳሴ ቆማ የዋለችው እናት ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ወዲያው ልታቀርበው ትችላለች። የሰዓቱ ሕግ ምግቡን ቀርጾታል የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ተልባም ተቆልቶ ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ በሶም፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ በውኃና በጨው ብቻ ተለውሶ ይበላል።

ስልጆ ደግሞ ቀናትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሱፍ ፈሳሹ በእሳት ላይ እየፈላ የባቄላ ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ ይማሰላል፤ ገንፎ መሰል ሆኖ ሲበርድ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ተከድኖ እንዲኮመጥጥ ይተዋል። ከተብላላ በኋላ ለብዙ ቀናት ስለማይበላሽ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ እንስራ ያዘጋጀች እናት በየዕለቱ ወጥ ከመሥራት ታርፋለች፤ ጊዜዋም ለጸሎት፣ ለፈትልና ለሱባኤ ይተርፋል። እልበት በአብሽ ተመትቶ ነጭ አረፋ እስኪሆን የሚዘጋጅ የባቄላ ምግብ ሲሆን፣ አዚፋ የምስርና የሰናፍጭ ውህድ ነው። የሽምብራ ዓሣ ግን ለብቻው ሊነሣ ይገባል፤ የሽምብራ ዱቄት በቅመምና በዘይት ታሽቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ከተጠበሰ በኋላ በወጥ ውስጥ ይገባል። የቻይና የቡድሃ ገዳማት ወጥ ቤቶች ከስንዴና ከአኩሪ አተር ዳክዬና ዓሣ የሚመስል ምግብ መሥራታቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ የጎጃም እናት በሽምብራ ያደረገችው ያንኑ ነው፤ ሁለቱም ወጥ ቤቶች ያለ አንዳች ግንኙነት ወደ አንድ ዘዴ ደርሰዋል።

የጾሙ አቆጣጠር ከገበሬው አቆጣጠር ጋር የተሳሰረ ነው። ጾመ ነቢያት የሚውለው ኑጉ በሚታጨድበት ወር ሲሆን፣ ዐቢይ ጾም የሚገባው ደግሞ ውድማው አልቆ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ነው፤ ረጅሙ ጾም በእህል ብዛት ወራት በመዋሉ የገበታው ዓይነት ይበዛል። ፍልሰታ ግን ክረምቱ ሲከብድና ጎተራው ሲጎድል ይመጣል፤ በእነዚያ ቀናት በደብሩ ቅጥር ሱባኤ የገቡት ምእመናንና እናቶች ከቅዳሴ በኋላ የሚያገኙት ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጎመንና የዳጉሳ ወይም የበቆሎ እንጀራ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የሚቀቀለው ጉልባን፣ ማለትም የባቄላና የስንዴ ንፍሮ፣ የሕማማትን ሳምንት ከሌላው ቀን ይለየዋል።

ማዕዱ የእናቶቹ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጸሎተ ማዕድ ከተደረሰ በኋላ የሚታደለው መክፈልት፣ ማለትም ተባርኮ ለሁሉም የሚዳረሰው ቁራሽ፣ እንግዳውንም ድኻውንም ይደርሳል፤ የአብነት ተማሪም አኮፋዳውን፣ ማለትም የምግብ መያዣውን፣ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲመጣ ከዚያው ይካፈላል። ይህ ልግስና የቆመው በመሬት ላይ ነበር፤ ደብሮቹ ከነገሥታትና ከመኳንንት ባገኙት ርስትና ጉልት ከገበሬው እህል ይገባላቸው ነበር፤ ገበሬውም የዚያን ሸክም ክብደት ያውቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን ይዞታም አብሮ ተወረሰ፤ የእናቶቹም ጓዳ ከዚያ ወዲህ በምእመናን አሥራትና ስለት፣ በየማኅበሩ በሚመጣ እህል፣ እንዲሁም በገዛ እጃቸው ሥራ ላይ የተደገፈ ሆነ።

ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም ከተማ እየሆነች ስትሄድና ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እርሷንና ቡሬን ሲያቋርጥ፣ በመንገዱ ዳር በተከፈቱት ምግብ ቤቶች ረቡዕና ዓርብ የሚቀርበው በያይነቱ ከዚህ የጾም ልማድ የተወረሰ ነው፤ ልዩነቱ ሰዓቱ ነው፤ ምግብ ቤቱ በስድስት ሰዓት ያቀርበዋል፣ የሰዓቱን ሕግ የሚጠብቁት ግን እናቶቹና ካህናቱ ናቸው። በቅባቱም ላይ ለውጥ መጥቷል። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት በየጓዳው ገብቶ የኑግን ቦታ ሲይዝ ቆይቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ፊቤላ የተባለው ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቡሬ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል። የእናቶቹ የጾም ገበታ ግን በተጨመቀ ዘይት ብቻ አይሞላም፤ የሱፉ ፍትፍት፣ ስልጆውና የተልባው በጥብጥ ዘይቱን ከነፍሬው የሚጠቀሙ ናቸው፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም ዋዜማ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ ሱፍ፣ ተልባና ሰናፍጭ ዛሬም በፍሬያቸው ይሸመታሉ፣ በሙቀጫም ይወቀጣሉ።