የአውሳ ጥጥ

ከሰመራ ወደ አሳይታ የሚወርድ መንገደኛ፥ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በሐይቆች የሚቀርበትን የአውሳን ለም ሜዳ ያያል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። የአፋርን ሰው ከከብት ጠባቂነት በቀር ሙያ የሌለው አድርገው የሚገምቱ ነበሩ። የአውሳ ሰዎች ግን የአዋሽን ውሃ ጠልፈው እህል መዝራት ከጥንት የለመዱ ናቸውና፥ በሡልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አበረታችነት ራሳቸው ጥጥ አምራቾች ሆኑ። ከኩባንያው ደመወዝ ከመጠበቅ በገዛ መሬታቸው መሥራትን መረጡ፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን፥ ልጆቼ፥ ሕዝቡ በራሱ ጀመረው ስንል የትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። የኩባንያውም ሆነ የባላባቱ እርሻ ያረፈው በከብት አርቢው የበጋ ግጦሽ ላይ ነበረ። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ መንጋው እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ሲወርድ፥ ሣር በነበረበት ስፍራ ያገኘው ጥጥ ነው።