የሽማግሌ ክብር በቀደሙት ሕዝቦች ዘንድ

ምእመናን ሆይ! ሽበት በየአገሩ አንድ ነው፤ ክብሩ ግን አንድ አይደለም።

በግሪክ አገር፥ በስፓርታ ከተማ፥ ጌሩሲያ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ ነበረ። ከሁለቱ ነገሥታት ጋር 28 ሰዎች ይቀመጡበታል፤ ዕድሜው 60 ዓመት ያልሞላ አይመረጥም፤ የተመረጠውም እስከ ዕለተ ሞቱ አይሻርም። ፕሉታርክ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ሕዝቡ ለየዕጩው በጩኸት ድምፁን ሲሰጥ፥ ታዛቢዎች በአቅራቢያው በተዘጋ ቤት ሆነው የማን ጩኸት እንደ በረታ ያዳምጡ ነበር፤ የገባውን ሰው ግን አያዩትም። ፊት አይቶ ከማድላት የሚጠብቅ፥ ለእኛ ግን የልጆች ጨዋታ የሚመስል ሥርዓት ነው። ይኸው ጸሐፊ ደግሞ፥ እነዚሁ ሰዎች ደካማ ሆኖ የተወለደውን ሕፃን ይጥሉት እንደ ነበረ ይነግረናል። ታዲያ ያከበሩት ዕድሜን ነው ወይስ ብርታትን?

በአቴና ሕግ ወላጆቹን ያልጦረ ሰው የዜግነት ክብሩን ያጣ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ዓመት ሹም የነበረው ሶሎን ግን፥ አባት ሙያ ያላስተማረው ልጅ አባቱን ይጦር ዘንድ እንዳይገደድ ደነገገ። ሕጉ አባትንም ጭምር ስለ ጠየቀ ሳናደንቀው አናልፍም።

የእስራኤልን ነገር ታውቃላችሁ። ሰሎሞንን ያገለገሉት ሽማግሌዎች ሮብዓምን የሕዝቡን ቀንበር እንዲያቀልል መከሩት። እንደ ስፓርታ ሸንጎ በሕግ የጸና ሥልጣን አልነበራቸውምና፥ ንጉሡ ምክራቸውን ትቶ አብረውት ያደጉትን ብላቴኖች ሰማ። ዐሥሩ ነገድ ተለዩት፤ የላከውንም አስገባሪ በድንጋይ ወገሩት፤ እርሱም ፈጥኖ በሠረገላው ወጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ።