የሻንሲ ምስክርነት፤ የጦርነት ዘመን ጂፖችን ለይቶ ስለማወቅ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር በመዝገቡ ላይ «የሩብ ቶን የጭነት መኪና» ብሎ ያሰፈራት፣ ዓለም ግን ጂፕ በሚል ስም የሚያውቃት ተሽከርካሪ ከ600 ሺህ በላይ ተሠርታ በየአህጉሩ የተበተነች በመሆኗ አጠቃላይ ታሪኳ በስፋት ተጽፏል። በአንጻሩ ዛሬ በሙዚየም ወይም በሰብሳቢ እጅ የምትገኝ አንዲት ጂፕ በየትኛው ፋብሪካና መቼ እንደተሠራች ማረጋገጥ እጅግ አድካሚ ነው። ጦሩ የሁለቱ አምራቾች፣ የዊሊስና የፎርድ፣ መለዋወጫዎች ያለ ችግር አንዱ በሌላው ቦታ እንዲገጥሙ በማስገደዱ በጦር ሜዳ ብዙ መኪና ከመቆም ድኗል፤ የያንዳንዷን መኪና ማንነት ያደበዘዘውም ይኸው ድንጋጌ ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ጦሩ ለ135 ኩባንያዎች የጨረታ ጥሪ ባቀረበ ጊዜ የመጀመሪያዋን ናሙና በ49 ቀናት ሠርቶ ለማስረከብ የተስማማው በፔንሲልቬንያ የሚገኘው ባንታም የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነበር። ካርል ፕሮብስት በተባለ መሐንዲስ የተነደፈችው መኪና መስከረም 23 ቀን 1940 በሜሪላንድ ለሚገኘው የሆላበርድ የጦር ሠፈር ተሰጠች። ጦሩ ግን የባንታም የማምረት አቅም አያስተማምንም በማለት ንድፉን ለዊሊስና ለፎርድ አሳየ፤ በ1941 ዋናውን ውል የወሰደው 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 2.2 ሊትር ሞተር ያቀረበው ዊሊስ ሆነ፤ ፎርድም በዊሊስ ንድፍ እንዲሠራ ታዘዘ። ሐሳቡን ወደ ተግባር የለወጠው ባንታም ከዚያ በኋላ ተጎታች ጋሪዎችን ሲሠራ መቆየቱ በኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ ፍትሕ ከጎደላቸው ውሳኔዎች አንዱ ነው።

የዊሊሷ ሞዴል ኤምቢ፣ የፎርዷ ጂፒደብልዩ ተባሉ። በፎርድ መለያ ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል መንግሥታዊ ትእዛዝ መሆኑን፣ ሁለተኛው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 80 ኢንች መሆኑን፣ ሦስተኛው የዊሊስን ንድፍ ያመለክታል። ከፊት ለፊት የሚታየውና ራዲያተሩን የሚጠብቀው ፍርግርግ የመጀመሪያው መለያ ነው፤ 25 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ቀደምት የዊሊስ መኪኖች ከተበየዱ የብረት ዘንጎች የተሠራ ፍርግርግ ሲኖራቸው፣ ፎርድ ከአንድ ቆርቆሮ ተጨፍልቆ የወጣ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ፍርግርግ አስተዋወቀ፤ ቀላልና ርካሽ ስለነበር በ1942 ዊሊስም ተቀበለው። ከጦርነቱ ማብቂያ ጀምሮ ለሲቪል ገበያ የቀረበችው የዊሊስ ጂፕ ሰባት ቀዳዳ ብቻ ያላት፣ ከኋላ የሚከፈት ስፖንዳ የተጨመረላትና ትርፍ ጎማዋ ወደ ጎን የተዛወረ በመሆኑ ከወታደራዊዋ ጋር ልትምታታ አይገባም።

ፍርግርግ፣ ኮፈንና ሞተር ሁሉ ሊቀየሩ ስለሚችሉ ጠንቃቃ መርማሪ የሚያምነው መላው መኪና የሚያርፍበትን የብረት መዋቅር፣ ማለትም ሻንሲውን ነው። የሻንሲውን ሁለት ወገን ከፊት የሚያገናኘው አግዳሚ በዊሊስ ክብ ቱቦ ሲሆን በፎርድ ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፉ ማዕዘናዊ ብረት ነው፤ ይህን ልዩነት ቀለም አይሸፍነውም። የሻንሲው መለያ ቁጥርም እንደዚሁ ይለያያል፦ ዊሊስ ቁጥሩን በትንሽ ሰሌዳ ላይ አትሞ ከፊት ፓራውልት ኋላ በግራው የሻንሲ ወገን ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲቸነክረው፣ ፎርድ ግን በግራው ሻንሲ የላይኛ ገጽ ላይ በቀጥታ በብረቱ ላይ ቀርጾታል። ሰሌዳ ተነቅሎ ሌላ ሻንሲ ላይ ሊቸነከር ስለሚችል የፎርዱ ቁጥር የበለጠ ክብደት አለው፤ በተለይም በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበትን መኪና እንዳልለቀቀ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በዊሊስ በኩል የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች ከመጀመሪያውም አንድ ስላልነበሩ ይህ መመሳከር አይሠራም። ፎርድ በብሎኖቹና በትናንሽ ክፍሎቹ ላይ ያተመው የስሙ መነሻ ፊደልም የሚመሰክረው ስለዚያ ብሎን ብቻ እንጂ ስለ መኪናዋ አይደለም።

በዳሽቦርዱ ላይ የሚገኘው የርክክብ ቀን ሰሌዳ ጠቃሚ ቢሆንም ዛሬ አስመስሎ የተሠራው በገበያ ስለሚገኝ ብቻውን አያሳምንም። ብዙ ሰው ችላ የሚለው ቀለሙን ነው። በኮፈኑ ጎን የተጻፈው የጦሩ ቁጥር መጀመሪያ በሰማያዊ፣ በኋላ በነጭ ቀለም ይጻፍ ነበር፤ በላዩ የተደራረበው ቀለም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በዝግታ ሲፋቅ ያ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ያረጀን ጂፕ ለማሳመር ቸኩሎ በአሸዋ ግፊት አጥቦ አዲስ ቀለም መቀባት ይህን የማይተካ ሰነድ ማጥፋት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። የፈረንሳይ ጦር ከአሜሪካ የቀሩለትን ጂፖች በላ ማልቱርኔ የጥገና ማዕከል እስከ ብሎናቸው አስፈትቶ ክፍሎቹን በየዓይነቱ እያከማቸ መልሶ ይገጣጥም ስለነበር፣ የፎርድ ሻንሲ፣ የዊሊስ ሞተርና የሦስተኛ መኪና አካል ያላት ጂፕ ከአንድ በር ወጥታለች። በዚያው አገር ሆችኪስ የተባለው ኩባንያ በዊሊስ ፈቃድ እስከ 1966 ተመሳሳይ ጂፖችን ሠርቷል። እንዲህ ያሉትን መኪኖች «ንጹሕ አይደሉም» ብሎ መናቅም ሆነ የጥገና ማዕከሉን ሰሌዳ ነቅሎ ወደ 1943 መልክ መመለስ ታሪክን መቁረጥ ነው፤ ተገቢው አሠራር መኪናዋን በሻንሲዋ ስም መዝግቦ፣ ሞተሩና አካሉ ከየት እንደመጡ ለይቶ ጽፎ፣ የጥገናውን ሰሌዳም ባለበት ማቆየት ነው።