ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚጨምረው ነጭ የደም ሴል ከየት ይመጣል?

ትልቅ የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሕመምተኛ በማግስቱ ደሙ ቢመረመር፣ ቀድሞ በአንድ ማይክሮሊትር 6,000 የነበረው የነጭ ደም ሴል ቁጥር 13,000 ደርሶ ሊገኝ ይችላል። ውጤቱን ያየው ተረኛ ሐኪም በቅድሚያ የሚጠረጥረው ኢንፌክሽን ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚታየው ጭማሪ በአብዛኛው ተሕዋስያን የሌሉበት፣ ሰውነት ለመቆረጡ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን አለመለየት ሕመምተኛውን ለማያስፈልገው አንቲባዮቲክ ይዳርጋል፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በተበራከቱበት በዚህ ዘመን ደግሞ ጉዳቱ ከአንድ ሰው ያልፋል።

ኒውትሮፊል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግማሽ ያህሉ ከደም ጋር አይዘዋወሩም። በጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ስለሚቆዩ ከክንድ በሚቀዳ ናሙና ውስጥ አይቆጠሩም። ሰውነት ሲቆረጥ የአድሬናል ዕጢ የሚያመነጫቸው አድሬናሊንና ኮርቲዞል እነዚህን ሴሎች ከግድግዳው ያላቅቋቸዋል። ቁጥሩ በሰዓታት ውስጥ ያሻቅባል፤ እስካሁን ግን የተዛወረ እንጂ አዲስ የተመረተ ሴል የለም።

ምርቱ የሚፋጠነው ቀስ ብሎ ነው። ከተጎዳው ሥጋ የሚለቀቁ ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ኢንተርሉኪን 6 እና ጂ-ሲኤስኤፍ፣ መልእክቱን ወደ አጥንት መቅኔ ያደርሳሉ። የጤነኛ ሰው መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮፊል ያመርታል፤ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ የበሰለ ክምችትም አለው። በቅድሚያ የሚለቀቀው ይህ ክምችት ነው። ፍላጎቱ ሲበረታ ባንድ የሚባሉት ያልበሰሉ ሴሎችም አብረው ይወጣሉ። ከእናት ሴል ተነሥቶ የሚያድገው አዲስ ኒውትሮፊል ግን ደም ውስጥ ለመግባት ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በማግስቱ የሚነበበው ቁጥር ስለ ምርት የሚነግረን ጥቂት ነው። ዳሌያቸው ወይም ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በተተካላቸው ሰዎች ቁጥሩ በሁለተኛው ቀን ገደማ በአማካይ 3,000 ያህል ጨምሮ ጣሪያውን ይነካል፤ በአራተኛው ቀን ወደ ቀድሞው ይጠጋል። የምላሹ መጠን የቁስሉን ስፋት ይከተላል፤ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ሲሠራ ኢንተርሉኪን 6 ሆድ ተከፍቶ ከሚሠራው ያነሰ ነው። ማቅለሽለሽን ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ቁጥሩን በራሱ ከፍ ያደርጋል። ጣፊያው የወጣለት ሰው ደግሞ ጭማሪው ለረጅም ጊዜ አብሮት ሊቆይ ይችላል።

ጠቅላላ ቁጥሩ የሚሸፍነው ሌላ ነገር አለ፦ ኒውትሮፊል ሲጨምር ሌላው የነጭ ደም ሴል ዓይነት፣ ሊምፎሳይት፣ ይቀንሳል። ኮርቲዞል ሊምፎሳይቶችን ከደም ወደ መቅኔና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ያዛውራል፤ ከፊሎቹንም ይገድላል። ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ጠላትን ለሌሎች ሴሎች የማሳየት አቅማቸው ይዳከማል። ቁጥሩ ሲበዛ የመከላከል አቅም የተጠናከረ ይመስላል እንጂ፣ ሕመምተኛው በእነዚህ ቀናት ለኢንፌክሽን ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስሎቫካዊው ሐኪም ዛሆሬጽ በ2001 እ.ኤ.አ. የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ጥምርታ የጭንቀት መለኪያ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ሁለቱ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚይዙ ነው። ይህ ጥምርታ ከጠቅላላ ቁጥሩ የበለጠ ሊነበብ ይገባል እላለሁ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የመነሻው ቁጥር ጉዳይ አለ። መማሪያ መጻሕፍት ከ4,000 እስከ 11,000 ያለውን የነጭ ደም ሴል ቁጥር ጤናማ ይሉታል። በቀይ የደም ሴሎቻቸው ላይ ደፊ የሚባለው ምልክት የሌላቸው ሰዎች ግን ያለ አንዳች በሽታ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ይላል። ከኢትዮጵያውያን ከፊሉ እንዲህ ናቸው፤ በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ዝቅተኛ ቁጥር ተመዝግቧል። ከ3,200 ተነሥቶ 8,000 የደረሰ ሕመምተኛ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ግን ጤናማ ይለዋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተወሰደ የራሱ ውጤት ካርዱ ላይ ከሌለ ይህ ጭማሪ ሳይታይ ያልፋል። ውጤቱ ካለ ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ መውረድ ሲገባው እንደገና የሚወጣ ቁጥር፣ ከትኩሳትና ከቁስሉ መቅላት ጋር ሲገናኝ፣ መግል ያለበትን ቦታ ለመፈለግ በቂ ምክንያት ይሆናል።