ተረፍ እና ተከታይ፦ የአንድ ቃል ታሪክ ከመተማ አንጻር



ካለፈ ትረካ በኋላ የሚመጣውን ድርሰት ዛሬ «ተከታይ» ወይም «ክፍል ሁለት» እንለዋለን። ሁለቱም ተራን እንጂ ምክንያትን አይነግሩንም። ሊቃውንቶቻችን ግን «ተረፍ» የሚል ሌላ ቃል ነበራቸው።

ብዙ ተማሪ «ተረፈ ባሮክ» የሚለውን ርእስ ሲያይ ባሮክ ከሞት የዳነ ይመስለዋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ግስ ሳይሆን ስም ነው፤ ተረፍ ማለት ቀሪ ማለት ሲሆን፣ ሲናበብ «ተረፈ» ይሆናል። ጽርኡ ይህንኑ መጽሐፍ ከኤርምያስ ነገር የቀረ ብሎ ሲጠራው፣ ግእዙ ለባሮክ ሰጥቶታል። ጽርኡ የሚጠቀምበት ቃል «ፓራሊፖሜና» ነው፤ የታለፉ፣ የተተዉ ነገሮች ማለት ነው። ሰብዓ ሊቃናት ዜና መዋዕልን በዚሁ ስም ጠርተውታል፤ ግእዙም «ሕጹጻን» አለው፤ የጎደሉት እንደ ማለት። ልብ በሉ፤ ዜና መዋዕል መጽሐፈ ነገሥት ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከአዳም ይጀምራል። ሥራው የታለፈውን መሙላት ነው።

ተረፈ ባሮክም እንዲሁ ነው። ኤርምያስን ከጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በትንቢቱ መጽሐፍ እንደሚድን ተስፋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ይጠፋል። ተረፉ ያንን ክፍተት ይይዛል። አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ 66 ዓመት ይተኛል፤ ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነው፤ ከተማይቱን ግን አያውቃትም።

ይህን በሸሕዲ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ዘውድ ጫኑ። የትምህርት መጻሕፍታችን ከመተማ ወደ ውጫሌ የሚሻገሩት በአንድ አንቀጽ ነው። ይህ ተከታይ ነው፤ ትክክለኛም ተከታይ ነው። ተረፉ ግን እዚሁ ቀርቷል። የንጉሡን አስከሬን ይዞ ያፈገፍግ የነበረውን ጓድ የዘኪ ቱማል ጦር ደርሶበት አስከሬኑን ማረከ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ይህንንም በዚያ ምርኮኞች የነበሩት ኦርቫልደርና ስላቲን በኋላ ባሳተሟቸው መጻሕፍት ጽፈውታል። የእኛን ቀሪ ታሪክ የሌላ አገር ምርኮኛ ጻፈልን ማለት ነው፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

ከንጉሡም ሌላ ተረፍ አለ። መተማ ከጦርነቱ በፊት የታወቀ ገበያ ነበረች። ከደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ከሱዳን ጥጥ ይመጣል፤ ባሪያም ይሸጥባት ነበር፤ ይህንን መሸሸግ አይገባም። በመካ መንገድ መጥተው የሰፈሩ ተክሩሮች የራሳቸው ሹም ነበራቸው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ንጉሡን ተከትሎ ይሄዳል፤ ንጉሡ ሲወድቅ ወደ ሌላው ንጉሥ ያልፋል። ተክሩሩና ነጋዴው ግን ከጦርነቱ ማግሥት የት ገቡ?

ከዚሁ ወረዳ የመጣ አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፉን «የመተማ ጦርነት፣ ክፍል ሁለት» ብሎ አቀረበልኝ። ገልጬ ባየው የሚጀምረው ከውጫሌ ነው።

«የአባትህ ቤት ወዴት ነው?» አልሁት።

«መተማ ዮሐንስ ነው፣ መምህር።»

«ታዲያ ውጫሌ ምን ወሰደህ?»

ዝም አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ርእሱን «ተረፈ መተማ» አድርጎ መለሰልኝ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ገበያው ነው።