የእርሻ መሬት ሽያጭ ውል በተንኮል ምክንያት መፍረስ

የእርሻ መሬት ሽያጭ ውል በተንኮል ምክንያት መፍረስ ማለት ሻጩ በሐሰት ቃል ወይም በማታለል ውል ያስፈረመው ገዢ፣ ውሉ እንዲፈርስና ገንዘቡ እንዲመለስለት ፍርድ ቤትን የሚጠይቅበት ሕጋዊ መንገድ ነው። መሬት በግል በሚሸጥባቸው አገሮች የተለመደ ክርክር ነው። በኢትዮጵያ ግን የገጠር መሬት ስለማይሸጥ፣ ሻጩ መዋሸቱ ከመመርመሩ በፊት ውሉ ራሱ ሕጋዊ መሆኑ ይጠየቃል።

ተንኮል በፍትሐ ብሔር ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ረቂቅ መሠረት ነው። በሕጉ መሠረት በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተሰጠ ፈቃድ ውልን ሊያፈርስ ይችላል።

በአንቀጽ 1704 መሠረት ተንኮል የሚባለው አንደኛው ወገን የማታለል ተግባር ፈጽሞ፣ ሌላው ባይታለል ኖሮ የማይገባበትን ውል ሲያስገባው ነው። ያታለለው ሦስተኛ ሰው ከሆነ፣ ውሉ የሚፈርሰው ተዋዋዩ ተንኮሉን ያውቅ ከነበረ፣ ማወቅ ይገባው ከነበረ ወይም ከተጠቀመበት ነው። አንቀጽ 1705 ደግሞ የሐሰት ቃልንና ዝምታን ይመለከታል፤ ለዚህ ግን በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመን መኖር አለበት።

በእንግሊዝ ሕግ ሻጩ ሐሰት መሆኑን ሳያውቅ የተናገረው ቃልም ውልን ሊያፈርስ ይችላል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ጉዳይ በአብዛኛው የሚታየው በስሕተት ድንጋጌዎች ነው።

የመሬት ሽያጭ ክልከላ

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መሬት በግል ይሸጥና ይለወጥ ነበር። በዚያ ዓመት ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ሽያጩን ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ባለይዞታው ግን በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራውን ንብረት የመሸጥ መብት አለው።

ስለዚህ ገዢው ሳይታለል በሙሉ ፈቃዱ ቢፈርምም የእርሻ መሬት ሽያጭ ውል ውጤት አይኖረውም። በአንቀጽ 1808 መሠረት በፈቃድ ጉድለት ምክንያት ውል እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው የተታለለው ወገን ብቻ ነው፤ ጉዳዩ ሕገ ወጥ ከሆነ ግን ሻጩ ራሱም ሆነ ጥቅም ያለው ሌላ ሰው ሊጠይቅ ይችላል።

ምሳሌ

የድሬዳዋ አስተዳደር ከከተማው ሌላ የገጠር ቀበሌዎችም አሉት። በዚያ ያለ ገበሬ በማሳው ያመረተውን ሽንኩርት በቀፊራ ገበያ መሸጥ ይችላል፤ ምርቱ የራሱ ነውና። ማሳውን ግን መሸጥ አይችልም። የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ግን በገጠር መሬት ሕግ ተፈቅዷል፤ ውሉም በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ አለበት።

አንድ ባለይዞታ የደረቀ ጉድጓድ ውስጥ በቦቴ ያመጣውን ውኃ ሞልቶ «ዓመቱን ሙሉ ውኃ አለው» በማለት ማሳውን ቢያከራይ፣ የተንኮል ድንጋጌ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ኪራዩ የተፈቀደ ውል ስለሆነ ክርክሩ ስለ ማታለሉ ይሆናል። ማሳውን በዚያው ዘዴ ሸጦት ቢሆን ግን ውሉን ለማፍረስ ሽያጩ ክልክል መሆኑ ብቻ ይበቃል።

የጊዜ ገደብና ውጤት

በተንኮል የተደረገ ውል እንዲፈርስ ክስ የሚቀርበው፣ ምክንያቱ ከቀረበት ማለትም ተንኮሉ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 1810)። ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ባይደረግ ኖሮ ወደሚኖራቸው ሁኔታ ይመለሳሉ (አንቀጽ 1815)፤ ሻጩ ገንዘቡን፣ ገዢው መሬቱን ይመልሳል። ገዢው መሬቱን ለዓመታት ቢያርሰውም በዚህ ውል ባለይዞታ አይሆንም።

የሰው መሬት የራሱ አስመስሎ ገንዘብ የተቀበለ ሰው፣ ከፍትሐ ብሔር ክስ ሌላ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 በአታላይነት ሊከሰስ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ማየትና በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ያለውን መዝገብ ማጣራት ከእንዲህ ያለው ጉዳት ይጠብቃል።